«ስትሮንግሊ»ን ያለቦታው ላለመሰንቀር

እንግሊዝኛ የሚጽፍ አማርኛ ተናጋሪ «በኃይል» ወይም «በጣም» ማለት ሲፈልግ እጁ ቶሎ ከሚደርስባቸው ቃላት አንዱ «ስትሮንግሊ» ነው። ስሌቱ ቀላል ይመስላል። «ስትሮንግ» ጠንካራ ነው፤ መጨረሻው ላይ «ሊ» ሲጨመር በጥንካሬ ይሆናል። ከዚያ «ኢት ሬይንድ ስትሮንግሊ» ተብሎ ይጻፋል። በኃይል ዘነበ ለማለት ነው። አንባቢው ይገባዋል፤ ግን ጸሐፊው ቋንቋውን ከመዝገበ ቃላት እየለቀመ እንደሆነም ወዲያው ይገባዋል።

እዚህ ላይ ሰዋስው አልተጣሰም። ተውሳከ ግሱ ልክ ነው፣ የገባበትም ቦታ ልክ ነው። አብሮት የቆመው ግስ ነው የማይሆነው። እንግሊዝኛ ውስጥ ዝናብ «ሄቪሊ» ነው የሚዘንበው። ስለዚህ «ስትሮንግሊ»ን ከነትርጉሙ ብቻ መሸምደድ አይበቃም፤ አብረውት የሚሄዱትን ግሶች አብሮ መያዝ ያስፈልጋል። ከታች ያለው በዚህ መንገድ የተዘጋጀ ነው። የእንግሊዝኛውን ቃላት በፊደላችን ነው የምጽፋቸው፤ ድምፃቸውን እያሰባችሁ አንብቡ።

መጀመሪያ፦ የምን ጥንካሬ እንደሆነ ለዩ

ይህ ቃል የጡንቻ ጥንካሬ እምብዛም አይመለከተውም። ዋና ሥራው አቋምን ማጠንከር ነው። ስታምኑ፣ ስትመክሩ፣ ስትቃወሙ፣ ስትደግፉ፣ ስታወግዙ፣ ስትጠረጥሩ። እንግዲህ «አይ ስትሮንግሊ ሪኮሜንድ» አጥብቄ እመክራለሁ፣ «አይ ስትሮንግሊ ቢሊቭ» በጽኑ አምናለሁ፣ «ሺ ስትሮንግሊ ኦፖዝድ ዘ ፕላን» ዕቅዱን አጥብቃ ተቃወመች፣ «አይ ስትሮንግሊ ሰስፔክት» ጥርጣሬዬ ብርቱ ነው። «አድቫይዝ»፣ «ኧርጅ»፣ «ኢንከሬጅ»፣ «ሰፖርት»፣ «ዲስአግሪ»፣ «ኮንደም» ሁሉም እዚሁ ቤተሰብ ውስጥ ናቸው። ከቃሉ ሌላ ምንም ባትይዙ ይህን ቤተሰብ ያዙ። ለማመልከቻ፣ ለፈተና ድርሰትም ሆነ ለሥራ ኢሜይል አብዛኛው ፍላጎታችሁ እዚህ ይሟላል።

ሁለተኛው ቤተሰብ የተጽዕኖና የግንኙነት ነው። አንድ ነገር ሌላውን ክፉኛ ሲነካው ወይም ሁለት ነገሮች ተቆራኝተው ሲገኙ። «ስትሮንግሊ ኢንፍሉዌንስድ ባይ» ከፍተኛ ተጽዕኖ ያረፈበት፣ «ስትሮንግሊ ሊንክድ ቱ» የጠበቀ ግንኙነት ያለው። የመመረቂያ ጽሑፍ የሚጽፍ ተማሪ «ስትሮንግሊ ኮሪሌትድ» ማለቱ አይቀርም። እዚያ ግን ጠንቀቅ በሉ። በስታቲስቲክስ ይህ የስሜት ቃል አይደለም። የግንኙነቱ መለኪያ ከዜሮ ርቆ ወደ 1 ወይም ወደ ኔጌቲቭ 1 ሲጠጋ ነው የሚባለው። ቁጥሩ 0.2 ሆኖ «ስትሮንግሊ» ብትሉ ፈታኙ ቀይ እስክሪብቶውን ያነሳል።

ሦስተኛው የስሜት ሕዋሳት ነው፣ በተለይ የሽታ። «ዘ ሩም ስሜልድ ስትሮንግሊ ኦፍ ጋርሊክ» ክፍሉ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይሸት ነበር። እዚህ ላይ «ኦፍ» መግባቷን አትርሱ። በነገራችን ላይ ቡናችሁ ወፍራም ከሆነ እንግሊዝኛው «ስትሮንግ ኮፊ» ነው እንጂ «ቲክ» አይደለም። ቀጭን ሻይም «ዊክ ቲ» ነው።

ነፋስ፣ የወንዝ ፍሰት፣ የልብ ምትና የኢኮኖሚ ዕድገትም «ስትሮንግሊ»ን ይቀበላሉ። «ዘ ዊንድ ብሉ ስትሮንግሊ» ችግር የለበትም። «ሴልስ ግሩ ስትሮንግሊ» የቢዝነስ ዜና ውስጥ ዘወትር የሚታይ ነው። ሽያጩ ሲያሽቆለቁል ግን «ሻርፕሊ» ነው የሚባለው፤ «ፌል ስትሮንግሊ» ጆሮ ይሰነጥቃል።

ቀጥሎ፦ የማይሆንባቸውን ቦታዎች ዝጉ

አብዛኛው ስህተት የሚመነጨው ከራሳችን ቋንቋ ነው። አማርኛው አንድ ዓይነት ማጠናከሪያ በሚጠቀምበት ቦታ እንግሊዝኛው ለየግሱ የተለየ ቃል መድቧል። አንድ ባንድ እንያቸው።

ጠንክሮ ሠራ፦ «ሂ ወርክድ ሃርድ» ነው። «ስትሮንግሊ» አይገባም። ከዚህ የባሰው «ሃርድሊ» ማለት ነው። ይህ ቃል «ሊ» የተቀጠለበት «ሃርድ» ይመስላል፤ ትርጉሙ ግን «ከናካቴው አልሠራም ማለት ይቻላል» ነው። ለቀጣሪ በተጻፈ ማመልከቻ ላይ «አይ ሃርድሊ ወርክ» ብሎ መፈረም ራስን ማጋለጥ ነው።

በጽኑ ታመመች፦ «ሺ ኢዝ ሲሪየስሊ ኢል»።

አጥብቆ ያዘው፦ በእጅ ከሆነ «ታይትሊ»። አቋሙን አጥብቆ ከያዘ ግን ወደ «ፈርምሊ» ይሄዳል።

በጣም እወድሃለሁ፦ «ቬሪ መች» ወይም «ሶ መች»። «አይ ላቭ ዩ ስትሮንግሊ» የተባለ ሰው የፍቅር መግለጫ ይሁን የመግባቢያ ሰነድ ግራ ይገባዋል።

በጣም ያስፈልገኛል፦ «አይ ባድሊ ኒድ»። አዎ፣ «ባድሊ» እዚህ ላይ መጥፎ ማለት አይደለም፤ ክፉኛ የሚለው ቃላችን መጥፎነቱን ትቶ መጠንን እንደሚናገረው ነው።

በጣም ይቅርታ፦ «ዲፕሊ ሶሪ» ወይም «አይ ሲንሲርሊ አፖሎጃይዝ»። ተስፋ ማድረግም «ሲንሲርሊ ሆፕ» ነው።

አሁን «ሃይሊ»ን ከ«ስትሮንግሊ» እንለይ፤ ይህ ብዙ ሰው የሚያምታታው ነው። ሁለቱም ከ«ሪኮሜንድ» ጋር ይሄዳሉ። ልዩነታቸው ዝንባሌ ላይ ነው። «ሃይሊ ሪኮሜንድ» ወደ ማድነቅ ያደላል፤ ምግብ ቤቱ ግሩም ነው፣ መጽሐፉ አያምልጣችሁ። «ስትሮንግሊ ሪኮሜንድ» ወደ ማሳሰብ ያደላል፤ ክትባቱን ውሰዱ፣ የይለፍ ቃላችሁን ቀይሩ። ለተማሪ በሚጻፍ የድጋፍ ደብዳቤ ላይ ሁለቱም ይሠራሉ። «አድቫይዝ» ሲሆን ግን «ስትሮንግሊ»ን ብቻ ተጠቀሙ።

«ሊ»ዋን የሚተውባቸው ጊዜያት

«አይ ፊል ስትሮንግ» እና «አይ ፊል ስትሮንግሊ» በአንዲት ቅጥያ ብቻ ቢለያዩም ትርጉማቸው የትና የት ነው። የመጀመሪያው ጉልበት ተሰማኝ፣ ደህና ነኝ ማለት ነው፤ ከበሽታ ያገገመ ሰው ይለዋል። ሁለተኛው በጉዳዩ ላይ ጽኑ አቋም አለኝ ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜ «አባውት ዚስ» ወይም «ዛት» ይከተለዋል። አሉታው ደግሞ ለስብሰባ ይጠቅማል። «አይ ዶንት ፊል ስትሮንግሊ አባውት ኢት» ካላችሁ «ለእኔ ያም ሆነ ይህ ግድ የለኝም፣ እናንተ ወስኑ» ነው። በጨዋነት ከክርክር ለመውጣት ከዚህ የተሻለ አላውቅም።

ሌላው «ስቲል ጎይንግ ስትሮንግ» ነው። ያረጀ መኪና፣ የሰነበተ ትዳር፣ ሰማንያ ዓመት አልፏቸው እርሻ የሚውሉ አባት፣ ሁሉም «ጎይንግ ስትሮንግ» ናቸው። እንደ ፈሊጥ የቆመ ስለሆነ «ሊ» አይጨመርበትም። «ፊኒሽ ስትሮንግ» የሚለውም አሜሪካኖች ዘንድ እንዲሁ ነው። ከተማ ውስጥ «ስትሮንግ ሴት ናት» ስንል የምንዋሰው ቅጽሉን ነው፤ ስለዚህ እዚያ ምንም አልተሳሳትንም።

ቃሉ ከየት መጣ?

የጥንቱ እንግሊዝኛ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ1100 ገደማ በፊት የነበረው፣ ቅጽሉን «ስትራንግ» ይለው ነበር፤ ተውሳከ ግሱን ደግሞ «ስትራንግሊቼ»። ይህች «ሊቼ» ናት ዘመን እያለፈ ተሸርፋ ዛሬ «ሊ» የሆነችው። ሥሯ አካል፣ መልክ ማለት ነው። ጀርመንኛ ያንኑ ሥር ይዞ አስከሬንን «ላይኸ» ይላል፤ እንግሊዝኛው «ላይክ» የሚለውም ዘመዷ ነው። እናም «ስትሮንግሊ» ቃል በቃል ሲፈታ «ጠንካራ መልክ ባለው ሁኔታ» እንደማለት ነው።

የ«ስትሮንግ» የሩቅ ዘመድ «ስትሪንግ» ነው፣ ገመድ ወይም የበገና ክር። የሁለቱ ሥር የመወጠር፣ የመጠምዘዝ ሐሳብ ያለበት ነው። ጀርመንኛው «ሽትሬንግ» ደግሞ ጥብቅ፣ ኮስታራ ማለት ሆኗል። እኛ ደግሞ «አጥብቆ መከረ»፣ «በጥብቅ አወገዘ» የምንለው ከዚያው ገመድና ቋጠሮ ከሚጠብቅበት ግስ ነው። አንዱ ከሌላው ተውሶ አይደለም፤ ግን ይህን መያዝ ለተርጓሚ ይረዳል። «ስትሮንግሊ» ስታዩ መጀመሪያ «አጥብቆ»ን ሞክሩት፣ «በጣም»ን ሁለተኛ። «የጤና ድርጅቱ በጣም ይመክራል» ከማለት «አጥብቆ ይመክራል» ስንት እጅ ይሻላል።

«ስትሬንጅ» ማለትም እንግዳ፣ ያልተለመደ የሚለው ቃል ግን አፍና አፍንጫው ቢመሳሰልም ዘመድ አይደለም። እሱ ከላቲን በፈረንሳይኛ በኩል የገባ ነው።

አሁን ቦታውን አስይዙ

መሠረቱ አንድ ነው። ከባለቤቱ በኋላ፣ ከዋናው ግስ በፊት። «ዊ ስትሮንግሊ ሰፖርት»። ረዳት ግስ ካለ ከረዳቱ በኋላ ይገባል። «አይ ውድ ስትሮንግሊ አድቫይዝ»፣ «ሃዝ ስትሮንግሊ ክሪቲሳይዝድ»። ተገብሮ ሲሆንም እንዲሁ፣ «ኢዝ ስትሮንግሊ ኢንፍሉዌንስድ»።

ግሱንና አጭር ተሳቢውን ለያይቶ መሃላቸው መግባት አይወድም። «አይ ሪኮሜንድ ስትሮንግሊ ዚስ ቡክ» አትበሉ፤ «አይ ስትሮንግሊ ሪኮሜንድ ዚስ ቡክ» በሉ። ከግስ በኋላ የሚመቸው ተሳቢ ከሌላቸው ግሶች ጋር ነው። «ፊል»፣ «ስሜል»፣ «ሪአክት»፣ «ግሮ» ከነዚህ ውስጥ ናቸው።

ከ«ሪኮሜንድ» ቀጥሎ የሚመጣው ቅርጽም ብዙ ጽሑፍ ያበላሻል። «አይ ስትሮንግሊ ሪኮሜንድ ዩ ቱ ሪድ» እኛ አገር በብዛት የሚጻፍ ነው፤ በጥንቃቄ የተጻፈ እንግሊዝኛ ግን ይሸሸዋል። ወይ «ዛት ዩ ሪድ» ወይ «ሪዲንግ» አድርጉት። በ«ዛት» ስትጽፉ ሦስተኛ መደብም ቢሆን «ኤስ» አይጨመርም፤ «አይ ስትሮንግሊ ሪኮሜንድ ዛት ሺ ሪድ ኢት»። «ሰጀስት»ም ሕጉ ያው ነው። «አድቫይዝ»፣ «ኧርጅ» እና «ኢንከሬጅ» ግን «ዩ ቱ»ን በደስታ ይቀበላሉ። «ዩ ቱ» የሚለው ከእጃችሁ አልወጣ ካለ ግሱን ወደነዚህ ቀይሩትና ተገላገሉ።

ክብደቱን መዝኑ

ለአለቃ ኢሜይል ስትጽፉ መሰላሉን ልብ በሉ። «ዩ ማይት ዎንት ቱ» ለስላሳው ነው። ከዚያ «አይ ሰጀስት»፣ ከዚያ «አይ ሪኮሜንድ»፣ ከዚያ «አይ ስትሮንግሊ ሪኮሜንድ»። ከዚያ በላይ ያለው ትእዛዝ ነው። «ውድ» ስትጨምሩበት፣ «አይ ውድ ስትሮንግሊ ሪኮሜንድ»፣ ጠርዙ ይለዝባል፤ ከበታች ወደ በላይ ሲጻፍ እኔ ይህን እመርጣለሁ።

«አይ ስትሮንግሊ ሰጀስት» ግን ተንኮል አለበት። ግሱ ለስላሳ፣ ማጠናከሪያው ከባድ ስለሆነ እንደ ማስጠንቀቂያ ይሰማል። «እዚህ ባትቆም ይሻልሃል» የሚል ዘበኛ ድምፅ አለው። ቅን ምክር ለመስጠት ከሆነ ባትጠቀሙበት ይሻላል። ልዩነቱ ባለቤቱ ማስረጃ ሲሆን ነው። «ዘ ኤቪደንስ ስትሮንግሊ ሰጀስትስ» ማስረጃው አጥርቶ ያመለክታል ማለት ነው፤ ምንም ዛቻ የለውም።

ፊት ለፊት በሚደረግ ንግግር «አይ ስትሮንግሊ ዲስአግሪ» በሩን ዘግቶ የሚገባ ዓረፍተ ነገር ነው። በአይኤልትስ ፈተና ድርሰት ላይ «እስከ ምን ድረስ ትስማማለህ ወይም አትስማማም» ተብሎ ሲጠየቅ መልሱን በዚህ መጀመር ይቻላል። የሥራ ባልደረባ ላይ ግን እንግሊዞች «አይም ኖት ሹር አይ አግሪ» ይሉና ነገሩን ያለሰልሱታል፤ ልባቸው ውስጥ ያለው ያው ተቃውሞ ቢሆንም።

ዜና የምትተረጉሙ ካላችሁ የዲፕሎማሲውን ደረጃ ጠብቁ። የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት መግለጫዎች ላይ አንዳንዴ «ኮንደም» ብቻ ይባላል፣ አንዳንዴ «ስትሮንግሊ ኮንደም»፣ ሲብስ ደግሞ «ኢን ዘ ስትሮንገስት ተርምስ»። ሰነዱን ያረቀቁት ሰዎች በእነዚህ ቃላት ላይ ይከራከራሉ። ሁሉንም «በጥብቅ አወገዘ» ብሎ ማለፍ የተከራከሩበትን መደምሰስ ነው። «አወገዘ»፣ «አጥብቆ አወገዘ»፣ «እጅግ በጠነከረ ቃል አወገዘ» ብላችሁ ብትለዩት አማርኛው ይበቃል። «ስትሮንግሊ ወርድድ ሌተር» የሚባለውም ኮስተር ያለ ደብዳቤ ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ግን ይቀልዱበታል፤ ደብዳቤ ከመጻፍ በቀር ምንም የማያደርግ መሥሪያ ቤት ሲያዩ።

መጠይቅ የምታዘጋጁ ከሆነ

እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ፤ በየዩኒቨርሲቲያችን የመመረቂያ ጥናት መጠይቅ ሲተረጎም የሚታለፍ ጉዳይ ነው። «ስትሮንግሊ አግሪ»፣ «አግሪ»፣ መካከለኛ፣ «ዲስአግሪ»፣ «ስትሮንግሊ ዲስአግሪ» የሚለው ባለ አምስት እርከን መለኪያ ስያሜው ከአሜሪካዊው የማኅበራዊ ሥነ ልቦና ሊቅ ሬንሲስ ሊከርት የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1932 ባሳተመው ጥናት ላይ ነው ዘዴውን ያስተዋወቀው። ብዙ ሰው «ላይከርት» ይለዋል፤ እሱ ግን ስሙን «ሊከርት» ነበር የሚለው።

ወደ አማርኛ ሲመለስ የተለመደው «በጣም እስማማለሁ» እና «በጣም አልስማማም» ነው። የመጀመሪያው ደህና ነው። ሁለተኛው ያነክሳል። «ይህን ምግብ በጣም አልወደውም» የሚል ሰው ምን እያለ ነው? አንዱ ሰሚ «ይጠላዋል» ብሎ ይረዳል፤ ሌላው «ያን ያህል አይወደውም» ብሎ። «በጣም አልስማማም»ም እንዲሁ ሁለት ፊት አለው። ሁለተኛውን ፊት ያየ መላሽ «እስማማለሁ፣ ግን ያን ያህል አይደለም» በሚል ስሜት ምልክት ሊያደርግ ይችላል። የመለኪያው ዳር የነበረው መልስ ወደ መሃል ተንሸራተተ ማለት ነው፤ አጥኚው ግን ዳር ላይ ይቆጥረዋል። እንግሊዝኛው ላይ ይህ አይፈጠርም። አሉታው «ዲስአግሪ» ውስጥ ስለተቋጠረ «ስትሮንግሊ» የሚያጠነክረው አለመስማማቱን ነው። «አይ ዶንት ስትሮንግሊ አግሪ» ቢባል ነበር ነገሩ የሚለወጠው።

ስለዚህ ለታችኛው ጫፍ «ፈጽሞ አልስማማም» የሚለውን እመርጣለሁ። ንጹሕ ትርጉም አይደለም፤ ፈጽሞ ሙሉነትን፣ «ስትሮንግሊ» ደግሞ ብርታትን ነው የሚናገሩት። ሆኖም ሁለት ፊት ከሌለው ቃል የሚጎድለው ጥቂት ነው። «አጥብቄ እቃወማለሁ» ቢባል ብርታቱ ይገኛል፤ ግን መቃወም ካለመስማማት ያለፈ ድርጊት ይመስላልና መላሹን ያስፈራዋል፣ በተለይ ጥያቄው ስለ መሥሪያ ቤቱ ወይም ስለ ቀበሌው ከሆነ። ከሁሉ በፊት መጠይቁን ለጥቂት ሰዎች አንብቡላቸውና እያንዳንዱን ምርጫ በራሳቸው ቃል እንዲያስረዷችሁ ጠይቁ።

ስትናገሩት

ሁለት ነገር ብቻ። አንደኛ፣ መጀመሪያው ላይ «እ» አትጨምሩ፤ «እስትሮንግሊ» እንዳይሆን ቀጥታ በ«ስ» ጀምራችሁ ወደ «ት» እና «ር» እለፉ። ሁለተኛ፣ በፊደላችን «ግ» ብንጽፍም በ«ስትሮንግሊ» ውስጥ «ግ» አይሰማም። «አንገት» ስትሉ «ን» ከጉሮሮ አካባቢ እንደምትወጣ ልብ በሉ፤ እዚያው ላይ አቁሙና ቀጥታ ወደ «ሊ» ሂዱ። «ስትሮንገር» እና «ስትሮንገስት» ላይ ግን «ግ» ደህና አድርጎ ይሰማል።

ስትጠራጠሩ የምታረጋግጡበት

ይሄዳል አይሄድም ብላችሁ ስትጠራጠሩ የጉግልን ኤንግራም ቪውወር ክፈቱ። ነጻ ነው፤ በሚሊዮን በሚቆጠሩ የታተሙ መጻሕፍት ውስጥ አንድ ሐረግ በየዓመቱ ምን ያህል እንደተጻፈ በመስመር ያሳያል። ሁለት ሐረግ በነጠላ ሰረዝ ለይታችሁ አስገቡ፣ ለምሳሌ «ሬይንድ ስትሮንግሊ» እና «ሬይንድ ሄቪሊ»፣ በእርግጥ በእንግሊዝኛ ፊደል። የመጀመሪያው መስመር ወለሉ ላይ ተጣብቆ ታገኙታላችሁ። ቃሉን ጽፋችሁ፣ ክፍተት ትታችሁ የኮከብ ምልክት ብታደርጉ ደግሞ ከኋላው በብዛት የሚመጡትን አሥር ቃላት ይዘረዝራል። ከመካከላቸው መስተዋድዶች ይኖራሉ፤ እነሱን ዝለሉና ግሶቹን ማስታወሻችሁ ላይ አስፍሩ። የበለጠ ማየት ለሚፈልግ «ኮካ» የሚባለው የዘመናዊ አሜሪካን እንግሊዝኛ የጽሑፍ ክምችት ከአንድ ቢሊዮን ቃላት በላይ ይዟል፤ ተመዝግቦ መፈለግ ይቻላል። እዚያ ሙሉ ዓረፍተ ነገሮቹን ስለሚያሳይ ከግሱ በኋላ «ዛት» ይምጣ «ቱ» በዓይናችሁ ታያላችሁ።